ስለ እኛ የተጻፈውን የት እናንብበው?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ራሳችን ለማንበብ ታድለናል። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው መታወቂያውን አሳይቶ የአንባቢ ካርድ ያወጣል። ክፍያ የለውም፣ የድጋፍ ደብዳቤም አይጠየቅበትም። ታክሲ ነጂውም ፕሮፌሰሩም ያዘዙትን መጽሐፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያነባሉ።

እኔን እዚያ የሚያስቀምጠኝ ከሁሉ በላይ ሙዚቃ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁሯ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ ጥናታቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ የጀመሩት ከአብዮቱ ዋዜማ ነው። ከሙዚቃ ታሪክ ምሁሩ ከፒተር ጀፈሪ ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጽፈው፣ ሙዚቀኛው የማኅበረሰቡ ዘብ መሆኑን አሳይተዋል። ከሙዚቀኞቻችን ጋር ያደረጓቸው ቃለ መጠይቆችም በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ይህን ላደረጉ ሰው ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ይሁንና እውቀቱ የማን ነው? በደቡብ ጎንደር በቤተልሔም፣ የድጓ ማለትም የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊቃውንት በሚመረቁበት ምስክር ቤት፣ ደቀ መዝሙሩ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በለመነው ቁራሽ እያደረ፣ የዜማውን ምልክት ዓመታት ፈጅቶ ያጠናል። እነዚያ ሦስት ቅጾች የቆሙት እንደ እርሱ ባሉ የሊቃውንት ተማሪዎችና በመምህሮቻቸው ትከሻ ላይ ነው። መጻሕፍቱ ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ዋጋቸውም የመሪጌታውን ኪስ የማያውቅ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

የተመስጦ መጻሕፍት ነገር ይለያል። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ፣ ከቡድሂስቶች የተማሩትን ሥራዬ ብሎ የመተንፈስና የማስተዋል ልምድ ሕመም ለጸናባቸው ታካሚዎች በትምህርት መልክ አዘጋጁት። ዛሬ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ የሌለበት መደርደሪያ አላየሁም። እኛም የአባቶችን፣ የማር ይስሐቅን፣ የፊልክስዩስንና የአረጋዊ መንፈሳዊን መጻሕፍት የያዘ፣ አንድምታ ትርጓሜ ያለው መጽሐፈ መነኮሳት አለን። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም፤ የእኛው ግቡ እግዚአብሔር ነው። የምቀናው በአቀራረቡ ነው። እዚህ ከሌሊት ተረኝነት የወጣች ነርስ በሚገባት ቋንቋ ተጽፎላታል። አዲስ አበባ ላለችው እኅቷ ግን የአባቶችን ምክር በዚያ ልክ የሚያቀርብላት መጽሐፍ ብርቅ ነው።

አገር ቤት አንባቢ የለም የሚሉትን አልቀበልም። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ያየ ሰው ወጣቱ ለመቀመጫ እንደሚሻማ ያውቃል። ብዙዎቹ የያዙት ለፈተና የሚያጠኑትን ነው፤ ሌላ የሚያነሡት ቢቀርብላቸው ያነሡት ነበር።

በየከተማው ያሉት ማኅበሮቻችን ለበዓል አዳራሽ ከሚከፍሉት ላይ ቀንሰው የአንድ መጽሐፍ የትርጉም ፈቃድና የኅትመት ወጪ ቢሸፍኑ እላለሁ። ምርጫው ለእኔ ቢተው ቀዳሚው የታሪክ ምሁሩ የሪቻርድ ፓንክረስት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ታሪክ ይሆን ነበር። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990 አዲስ አበባ ላይ ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ከመሳፍንቱ ጋር ገበሬውን፣ ወታደሩን፣ ነጋዴውን፣ አንጥረኛውንና ሸማኔውን፣ ሴቶችንም ይተርካል። የእነዚያ አንጥረኞችና ሸማኔዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በሙያው ላይ ናቸው፤ አያቶቻቸው እንዴት እንደኖሩ በሚያነቡት ቋንቋ ማግኘት ይገባቸዋል።