ማስተካከያ፦ ሉተር ያንግዳል ዳኛ የሆኑት ምርጫ ተሸንፈው አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት የቀድሞ አገረ ገዥ ሉተር ያንግዳል ስጽፍ፣ ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ዳኛ አድርገው ሾሟቸው ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያንግዳል በአገረ ገዥነት ምርጫ አልተሸነፉም። እ.ኤ.አ. በ1946፣ በ1948 እና በ1950 ሦስት ጊዜ አሸንፈዋል። በ1951 ሦስተኛው የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ በፈቃዳቸው ለቀቁ። በዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል አውራጃ ፍርድ ቤት የሾሟቸውም ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ናቸው። ይህን ያገኘሁት ከፌዴራል ዳኞች የሕይወት ታሪክ መዝገብ እና ከሚኒሶታ የአገረ ገዥዎች ዝርዝር ነው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ሹመቱን “ፓርቲያቸው ለተሸናፊ የሰጠው ማካካሻ” ብዬው ነበር። ትሩማን ግን ዴሞክራት፣ ያንግዳል ደግሞ ሪፐብሊካን ነበሩ። ስለዚህ ያ ድምዳሜ ከሥሩ ወድቋል፤ አንስቼዋለሁ። ደግሞም ለዳኝነት እንግዳ አልነበሩም። አገረ ገዥ ከመሆናቸው በፊት የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ።

ጽሑፉን ያጋራችሁ ይህንንም አብራችሁ አጋሩልኝ። ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ነገር የሚገባን ሹመቱን በትክክል ስናውቅ ነው። በማካርቲ ዘመን፣ ማለትም ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲና ሌሎች በኮሚኒስትነት የጠረጠሯቸውን ሰዎች ያሳድዱ በነበረበት ጊዜ፣ ምሁሩ ኦወን ላቲሞር ለአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በሐሰት መስክሯል ተብሎ ተከሰሰ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ ያንግዳል ነበሩ፤ ዐቃቤ ሕግ ከችሎቱ እንዲነሱ ጠየቀ። እሳቸው እምቢ አሉ፤ ዋና ዋናዎቹንም ክሶች ውድቅ አደረጉ። መንግሥት በ1955 ክሱን ተወው።