300 ድል የሞተ ቁጥር ከሆነ ማን ገደለው?

ሰሞኑን መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ አንድ የቤዝቦል ተንታኝ ስሰማ ነበር። ስለ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ጀስቲን ቬርላንደር ሲጠየቅ ሳቀና «300 ሞላ አልሞላ ማን ግድ አለው? የፒቸር ድል የሞተ ቁጥር ነው» አለ። ከንግግሩ ይልቅ ሳቁ አናደደኝ።

ቬርላንደር የ2025ን ውድድር ሲጨርስ 42 ዓመቱ ነበር፤ 266 ድል ነበረው። ለ300 34 ይቀረው ነበር። 300 መድረስ እንደሚፈልግም ደብቆ አያውቅም። በቤዝቦል ታሪክ እዚያ የደረሱት ሃያ አራት ሰዎች ናቸው። ሃያ አራት! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የነተንታኙ ትልቁ መከራከሪያ ዕድል ነው። ጨዋታ የጀመረ ፒቸር ድል የሚመዘገብለት ከጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ቢያንስ አምስቱን ወርውሮ፣ ቡድኑ እየመራ ከወጣና ያ መሪነት እስከ መጨረሻ ከጸና ነው። ጓደኞቹ ካልመቱለት ወይም ተተኪው ካበላሸበት ቀረ ማለት ነው። ምሳሌያቸውም ሁሌ አንድ ሰው ነው፣ ጄኮብ ዲግሮም። በ2018 ለኒው ዮርክ ሜትስ 10 አሸንፎ 9 ተሸንፎ፣ ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። ይገባው ነበር፣ እሺ፣ ይቺን ሰጠኋችሁ። ግን እኮ ይሄ የአንድ ዓመት ወሬ ነው! በአንድ ዓመት ዕድል ይጫወትብሃል። 300 ማለት ግን በዓመት 15 ድል፣ ለ20 ዓመት። ዕድል ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ቤት እየመረጠች ነው የምታንኳኳው?

የድሮውን ፒቸር ኧርሊ ዊንን ተመልከቱ። 299 ላይ እንደቆመ ቺካጎ ዋይት ሶክስ አሰናበተው። በ1963 ክሊቭላንድ ወሰደው። 43 ዓመቱ ነው፣ ሪህ ያሰቃየዋል። ጁላይ ላይ ካንሳስ ሲቲን ገጥሞ እንደምንም አምስት ኢኒንግ ወርውሮ 5 ለ 4 እየመሩ ወጣ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ። ጨዋታው 7 ለ 4 አለቀ። ሌላ ድል አላገኘም፣ ልክ 300 ላይ አበቃ። ይሄን ሰው ዕድለኛ የሚል ካለ ሪህ ይዞት አያውቅም።

300 የደረሰው የመጨረሻው ሰው ራንዲ ጆንሰን ነው። 300ኛውን ያገኘው እዚሁ እኛው ከተማ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ናሽናልስ ፓርክ ውስጥ፣ ጁን 4 ቀን 2009 ነው። ጨዋታው በዋዜማው በዝናብ ተሰርዞ ነበር፤ በማግስቱ ሲካሄድ ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር ይበዛ ነበር። ከሀበሻውም አብዛኛው ሥራ ላይ ነበር፣ እኔም ጭምር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ጆንሰን ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ ወጣ። በስምንተኛው የጆንሰን ቡድን 2 ለ 1 እየመራ የዋሽንግተን ሯጮች ሦስቱንም ቤዝ ሞሉ፤ ተተኪው ፒቸር ብራያን ዊልሰን መቺውን አዳም ደንን በስትራይክ አውት (ኳሱን ሳያስመታው) ባያስወጣው ኖሮ ድሉ ሊያመልጥ ይችል ነበር። ተንታኙ ይሄን ቢሰማ «ይኸው፣ አላልኩም!» ይላል። ቆይ እንጂ። 45 ዓመቱ፣ ጀርባው ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ነው። የቀሩትን 299 ድሎችም ዊልሰን ነው ያመጣለት?

እና ቁጥሩን ማን ገደለው? ራሳቸው ተንታኞቹ! ኮምፒውተሩ «መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያገኙት ነው፣ ለምደውታል» ሲል ፒቸሩን በአምስተኛው ኢኒንግ ያወጡታል። በ2020 ዎርልድ ሲሪስ (የዋንጫ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ የታምፓ ቤይ ፒቸር ብሌክ ስኔል ዶጀርስን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ዘጠኝ ሰው በስትራይክ አውት መልሶ፣ ታምፓ ቤይ 1 ለ 0 እየመራ፣ ገና 73 ኳስ እንደወረወረ አወጡት። ዶጀርስ ወዲያው አገቡ፣ 3 ለ 1 አሸነፉ፣ ዋንጫውንም ወሰዱ። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው። በሩን ራስህ ቆልፈህ «ማንም አልገባም እኮ» ማለት ትንታኔ ነው እንዴ?

የክርን ጅማቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ የ2021ን ውድድር ጨርሶ ያልተጫወተው ቬርላንደር፣ በ39 ዓመቱ በ2022 ተመልሶ 18 አሸነፈ፣ ሳይ ያንግንም ወሰደ። 2025 ሲያልቅ፣ ጡረታ ካልወጡት የሚከተለው ማክስ ሸርዘር ነበር፣ 221፤ እሱም አርባን አልፏል። ከዚያ ገደል ነበር፦ ጌሪት ኮል፣ 153። ሳቂታው ተንታኝ ቀጣዩን 300 ከየት ሊያመጣልን ነው?

በ2025 ቬርላንደር ለሳን ፍራንሲስኮ 16 ጨዋታ ጀምሮ አንድም ድል አላገኘም፣ ስምንቴ ተሸነፈ። ጁላይ መጨረሻ አካባቢ አትላንታ ላይ ለ17ኛ ጊዜ ኳሱን ይዞ ወጣ። አሸነፈ።