ለቀብሯ መጣን፣ ለደሟ ጠፋን

የጅማ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ወለደች። ልጁ በሰላም ወጣ። እሷን ግን ደም አልቆም አላት። የነበረው ደም ተሰጥቷት አለቀ፤ ሐኪሙ ወጥቶ «ደም ፈልጉ» አለ። ግቢው በሰፈራችን ሰው ተሞልቷል። ፔርሙዝ ይዘን፣ ጋቢ ደርበን፣ «እግዜር ያውጣት» እንላለን። ባሏ የባጃጅ ሹፌር ነው። ያን ሌሊት እየዞረ ለመነን።

አንዱ «ግፊት አለብኝ» አለ። አንዱ «እራት አልበላሁም» አለ። አንዱ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ በሩ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ኳስ ሲያሳድድ የሚውል አንድ ጎረምሳ «ደሜ ይጎድላል» አለ። ባልየው የጎረምሳውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ምንም አልተናገረም፤ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ይሄ ከዓይኔ አልጠፋም።

በመጨረሻ የሰጠነው ባልየው፣ እኔና ሁለት ተማሪዎች ነን። ተማሪዎቹ ሌላ ታማሚ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው፤ አያውቋትም። ደም ደግሞ ተቀድቶ ወዲያው አይሰጥም። ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። የእኛ ደም ተመርምሮ እስኪወጣ እሷ አልቆየችም።

በማግስቱ ጥሩንባ ተነፋ፤ ድንኳን ተጣለ። «ግፊት አለብኝ» ያለው የድንኳን እንጨት ተሸክሞ ዋለ። ስልክ የተደወለለት ሬሳውን ከፊት ይዞ ነበር። ለንፍሮው፣ ለወንበሩ፣ ለውሃው አንድም እጅ አልጎደለም። የምናዝን ሰዎች እንደሆንን አየሁ፤ ያ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ታዲያ ማታ ምን ነካን?

ተፈናቃይ ሲመጣም ያው ነን። ቪዲዮውን እንቀባበላለን። እህል ለማራገፍ በጎ ፈቃደኛ ሲጠራ የሚሄዱት ግን ሁሌም እነዚያው ልጆች ናቸው።

ሰው የሚተርፈው ቀድሞ ተመርምሮ ፍሪጅ ውስጥ በተቀመጠ ደም ነው። ቀዩ የደም ክፍል እዚያ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ብቻ ነው። በዓመት አንዴ በዘመቻ ሰጥቶ መርሳት የማይበቃውም ለዚህ ነው። ጤነኛ ከሆንክ፣ ዕድሜህ ከ18 እስከ 65 ከሆነ፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከመዘንክ በየ3 ወሩ መስጠት ትችላለህ። የሚወሰደው ግማሽ ሊትር አይሞላም፤ ፈሳሹን ሰውነትህ በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል። ግፊት ያለበትም ይሂድ፤ ከመስጠቱ በፊት ይለካለታል።

እንዲያው እድሮቻችን ምን አለ ቢያስቡበት? ቀብር ለቀረ ሰው ቅጣት እንጥላለን። ስም እየጠራን እንቆጣጠራለን። ያንን ሥርዓት ይዘን በየ3 ወሩ አባላቱን ደም ባንክ ብናደርስ ምን ይከብደናል? የእድራችንን ሊቀመንበር ጠይቄያቸው «እስቲ በወሩ ስብሰባ እናነሳዋለን» ብለውኛል። ብዙ «እስቲ» ሰምቼ ደክሞኛል። ይሄኛውን ግን አምኜ መጠበቅ እፈልጋለሁ። ቢነሳም ባይነሳም ከስብሰባው ቀጥሎ ባለው ሰኞ ጠዋት እኔ ደም ባንክ ነኝ። የምትመጡ ካላችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ኑ።