ካሳፎርማው ከመፈታቱ በፊት ኮንክሪቱ ይጠየቅ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1978 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሎው አይላንድ ላይ በግንባታ ላይ የነበረ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ ተደርምሶ 51 ሠራተኞች ሞቱ። ሠራተኞቹ የቆሙበት መወጣጫ የታሰረው ከአንድ ቀን በፊት በተሞላ ኮንክሪት ላይ ነበር። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ኮንክሪቱ የተጫነበትን ለመሸከም ገና አልጠነከረም።

ይህ ከሆነ ዘመን ቢያልፍም ዛሬም በብዙ ሳይቶች ካሳፎርማ (ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ቅርጹን ይዞ የሚደግፈው ሳጥን) የሚፈታው ቀን ተቆጥሮ ነው። ጠንቀቅ ያለው መሐንዲስ ኪዩብ፣ ማለትም ከዚያው ኮንክሪት የተሞላ የሙከራ ናሙና፣ አስሰብሮ ይወስናል። ነገር ግን ኪዩቡ ብዙ ጊዜ ሙቀቱ በተጠበቀ የላቦራቶሪ ውኃ ውስጥ የቆየ ነው፤ ወለሉ ደግሞ ብርድና ነፋስ ሲፈራረቅበት ያደረ። ታዲያ አንዱ ለሌላው እንዴት ዋስ ይሆናል?

አልትራሳውንድ፣ ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ፣ ወደ ሳይት ይግባ የምለው ለዚህ ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። በአንድ በኩል ሞገድ አመንጪ፣ በሌላው በኩል ተቀባይ ይደረግና ሞገዱ መሃሉን አቋርጦ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ይለካል። በውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ይጓዛል። ገና በተቦካ ሲሚንቶ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል፤ የታፈኑት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ያዘገዩታል። ለተወሰነ ጊዜ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ በሲሚንቶው ቅንጣቶች ላይ የሚያድገው ውሁድ አንዱን ቅንጣት ከሌላው ያያይዘዋል፤ ሞገዱም ጠጣር መንገድ ያገኛል። የፍጥነቱ መስመር ሽቅብ ይወጣል። በደንብ የጠነከረ ጥሩ ኮንክሪት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚታየው ምንም ሳይሰበር፣ በዚያው አካል ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ሸር የሚባለው ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ቁሱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ስለሚጓዝ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ተቀባዩ ጋ መድረስ ሲጀምር የሲሚንቶው ቅንጣቶች አጽም መያያዝ ጀምሯል ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳዊው መሐንዲስ ሉዊ ቪካ የወረስነው መርፌ ይህን የሚነግረን ምን ያህል እንደሰመጠ በማሳየት ብቻ ነው፤ ያውም በላቦራቶሪ በተዘጋጀ የሲሚንቶ ሊጥ ላይ።

መሣሪያው ጥንካሬን ይለካል ብለው የሚሸጡትን ግን አልደግፍም። የሚለካው ፍጥነት ነው። ጠጠሩ ሲበዛ ፍጥነቱ ከፍ ይላል፤ እርጥበትም ይለውጠዋል፤ ሞገዱ በፌሮ በኩል ካቋረጠማ ወደ 6,000 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ሄዶ ያሳስታል። በዚያ ላይ ቀናት ካለፉ በኋላ ጥንካሬው እየጨመረ ፍጥነቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የመሣሪያው እውነተኛ ጉልበት ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ እኛም በጣም የሚቸግረን ያኔ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድብልቅ ፍጥነቱና ጥንካሬው አስቀድሞ በናሙና ይዛመድ። ሴንሰሩ ከሙሌቱ በፊት ብርድ በሚበረታበት ጥግ፣ ከፌሮ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ካሳፎርማው እንዲፈታ የሚፈርመው መሐንዲስም ከኪዩቡ ውጤት ጎን የዚያን ጥግ የፍጥነት መስመር አይቶ ይፈርም፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ድጋፉ ባለበት ይቆይ።