ደመወዝ የማይጠይቁ ኦዲተሮች

በዚህ ዘመን በነፃ የሚሠራ ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። ባለሙያው ሞልቶ የተረፈበት አንድ ዘርፍ ግን አለ። መንግሥት ቤት ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ከያለበት ብቅ ይላል። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም። ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና ብይኑን ይሰጣል።

«ይጠጡበታል።»

አለቀ። ስድስት ፊደል ናት። ተመራማሪ ዓመታት የሚፈጅበትን ነገር እነዚህ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። መዝገብ አያገላብጡ፣ መጠይቅ አይበትኑ። ጎዳና የሚያድረውን ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አነጋግረውት አያውቁም። ካነጋገሩትማ ጥናቱ ይበላሻል።

ብይኑን የሚሰጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብርጭቆ ፊታቸው አስቀምጠው ነው። ነቀፋ እንዳይመስልብኝ። በማያውቁት ሙያ ገብተው እንደሚፈተፍቱት አይደሉም ለማለት ያህል ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በዚህ ነገር ሊቅ ነው። ደመወዙን በተቀበለ በሳምንቱ ከእኔ ይበደራል። ገንዘቡ የት እንደገባ ጠይቄው አላውቅም፤ ብጠይቀውም አያውቀውም። የጎዳና ተዳዳሪው ድጎማ ግን የት እንደሚገባ ገና ሳይከፈል ያውቃል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚሉት ምቀኞች ናቸው። እኔ ራስን ረስቶ ለሌላ መኖር ነው የምለው።

ነገር ያበላሹት ካናዳ ያሉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ቫንኩቨር ውስጥ ሙከራ ጀመረ። ቤት ለሌላቸው 50 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 7,500 የካናዳ ዶላር ሰጧቸው። አንዴ፣ በጥሬው፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ። ደረሰኝ አምጡ እንኳ አላሉም! ከዚያ ምንም ካልተሰጣቸው 65 ሰዎች ጋር እያነጻጸሩ አንድ ዓመት ተከታተሏቸው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። ገንዘቡን የወሰዱት ሰዎች በአማካይ 99 ቀን ያነሰ ጊዜ ነው ያለ ቤት ያሳለፉት። ለመጠጥ፣ ለዕፅና ለሲጋራ የሚያወጡት አልጨመረም። የጨመረው የቤት ኪራዩ፣ የምግቡና የልብሱ ወጪ ነው። በመጠለያ ማደራቸው በመቀነሱ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 8,277 ዶላር ተረፈ፤ ከተሰጣቸው በላይ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ለብቻው ሰው ሰብስበው «ምን ያደርጉበት ይመስላችኋል?» ብለው ጠይቀውም ነበር። መልሱን ታውቁታላችሁ። ስድስቷ ፊደል ባሕር ማዶም አለች።

እርግጥ ነው፣ ከባድ የሱስ ወይም የአእምሮ ሕመም ችግር ያለባቸው በሙከራው አልተካተቱም። ይህን ለወዳጄ የነገርኩት ዕለት ፊቱ እንዴት እንደበራ! ስለ ጥናቱ የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር ይህችን አንዷን ነው።

ኦዲተሮቹ ወሰናቸውን ማወቃቸውም ይደነቃል። አሜሪካ ውስጥ በብድር ቤት የገዛ ሰው የከፈለውን ወለድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ሊያስቀንስ ይችላል። እሱም የመንግሥት እጅ ያለበት ገንዘብ ነው። «የተረፈውን ይጠጣበታል» ያለ ኦዲተር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቤት ያለው ሰው ሲጠጣ ያው መዝናናት ነው።

ቢሮ ውስጥ የሚሠሩት የሙያ አጋሮቻቸውም አይረሱ። ቤት የለኝም ብሎ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ቋሚ አድራሻውን ነው። ቢሮው ምን ያድርግ? ቅጹ ላይ ሣጥን አለ፤ ሣጥን ባዶ አይተውም። ሕጉማ አልከለከለም። አሜሪካ ውስጥ ቋሚ አድራሻ የለህም ተብሎ የምግብ ድጎማ አይነፈግም። ብሪታንያም ቤት አልባው ሰው ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚሉትን ድጎማ ማመልከት ይችላል። የመጀመሪያውን ክፍያ አምስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። አልቻልኩም ካለ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠዋል፤ በኋላ ከድጎማው እየተቆረጠ ይመለሳል። ቤት ባይኖረው ዕዳ ይኑረው እንጂ።

ባለፈው ከወዳጄ ጋር ተቀምጠን ይህንኑ ስናወራ ድንገት ቆጣ አለ።

«ለመሆኑ ለእኔስ ማን 7,500 ዶላር ሰጠኝ?»

«ቢሰጡህ ምን ታደርግበት ነበር?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ብርጭቆውን አየው፤ ባዶ ነው። አስተናጋጁን በእጁ ጠራው።

«ድገመን እስኪ» አለው።