ወጣቱንም እድር አስገቡት

ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ ጎረቤት አለ ቡና አለ ምናምን ሲባል ሁሌ እሰማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ነው የሚያሳየው፣ በደሃ አገሮች 24 በመቶ ገደማ ሰው ብቸኝነት ይሰማኛል ሲል በሀብታሞቹ ግን 11 በመቶ አካባቢ ነው፣ ደግሞ በዓለም ደረጃ በጣም የሚሰማው ወጣቱ ጋ ነው።

እኔ ይሄ ብዙም አልገረመኝም። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ስለ ካሳው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ትራንስፖርቱ ስንት ተወራ፣ እናቶችም እድራችን ተበተነ ብለው አለቀሱ፣ እውነታቸውን ነው። ከካዛንቺስ ተነስቶ ተነሺዎች የሰፈሩበት ገላን ጉራ የገባው የ20 ዓመት ልጅ ምን አጣ ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አላየሁም። የሰፈር ልጅ ማለት እኮ ሥራ ሲገኝ "ና ሲቪህን ይዘህ" ብሎ የሚደውልልህ ነው፣ የታክሲ ሲጎድልህ የሚሞላልህ ነው፣ ዝም ስትል ደግሞ ከቤተሰብ በፊት "ምን ሆነሃል?" የሚልህ እሱ ነው። ያ ልጅ አሁን ፊት ለፊቱ ያለው በር የማን እንደሆነ አያውቅም፣ የድሮ ጓደኞቹ ቴሌግራም ላይ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ሳምንት ከቤት ሳይወጣ ቢቀር ማን ያያል? እቁቡ እንኳን በቴሌብር ተልኮ ያልቃል፣ ድሮ ብሩን ለመስጠት ቢያንስ ትገናኝ ነበር።

ሰፈር ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጫት ቤትና ቤቲንግ ቤትም ያገናኛል፣ እሱንማ አዲሱ ሰፈር ላይም ቶሎ ነው የሚከፍቱት። ሌላ መሰባሰቢያ ሲጠፋ ልጁ የት ይሂድ?

እኔ የምለው እድሮች በሩን ይክፈቱ ነው። እድር የሚመዘገበው በአባወራ ወይ በእማወራ ስም ነው፣ የቤት ኪራይ አልቀመስ ስላለ 28 ዓመቱ ድረስ እናቱ ቤት ያለው ልጅ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመላልሳል፣ ስብሰባ ላይ ግን ድምፅ የለውም። በራሱ ስም ይመዝገብ፣ መዋጮው አቅሙን ያገናዘበ ይሁን፣ የራሱ ኮሚቴ ይኑረው፣ ያ ኮሚቴ ደግሞ ለቀብር ብቻ ሳይሆን የታመመውን፣ ሥራ ያጣውን፣ ከሰው የራቀውን ልጅ በአካል ሄዶ ይጠይቅ። "አይከፍሉም፣ ነገ ጥለውን ይሄዳሉ" የሚሉ የእድር ዳኞች አሉ፣ አንዳንዱ ይሄዳል አዎ፣ ግን ማንም ሳያውቀው የኖረበትን ሰፈር ለቆ ለመሄድ ምን ይከብደዋል? በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልን፣ ልጆቹንም እዚያው ጠርታችሁ ጠይቋቸው።