ለቀዩ ጽሑፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር «የፋይሉ መጠን ከተፈቀደው በላይ ነው»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፊታችንን ስለመመለስዎ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? የደሴ ብርድ ለእኛ እንጂ ለእርስዎ አይደለም፤ ክረምት ከበጋ ቀይ ነዎት።

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በሰው ፊት አዋርደውናል። የሥራ ማመልከቻው በድረ ገጽ ተሞልቶ ጉርድ ፎቶው ላይ ሲደረስ ስክሪኑ ላይ በቀይ ብቅ አሉ። የተፈቀደው ስንት እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላሉም። 200 ኪሎባይት መሆኑን የነገረን ከኋላችን ወረፋ የያዘ ልጅ ነው። ፎቶው በስልክ የተነሳ፣ 3000 በ4000 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች)፣ 4 ሜጋባይት። የቤቱ ሠራተኛ ጥራቱን ከ100 ወደ 10 አወረደው፤ ፊታችን ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወረደበት፤ እርስዎ ግን አሁንም «በላይ ነው»። 150 በ150 አደረገው፤ «ምስሉ ግልጽ አይደለም፣ ቢያንስ 600 በ600 ይሁን» አሉ። ይህንን መጀመሪያ ቢናገሩ ምን ነበረበት? ሳይቆርጥ 600 በ600 ላይ ሲጨፈልቀው ጉንጫችን በሁለቱም በኩል ጆሯችንን አልፎ ሄደ። ወረፋው በሙሉ ስክሪኑን አይቶ ሳቀ። በመጨረሻ ተቀበሉን፤ ወዲያው «ጊዜዎ አልቋል፣ እንደገና ይግቡ»። የሞላነው ሁሉ ጠፋ። ወላሂ፣ ጠላት እንኳ እንዲህ አያደርግም።

እርስዎ አይነግሩንምና እርስ በርሳችን እንነጋገር። የፋይል ክብደት በዋናነት የሚመጣው ከፒክስል ብዛት ነው። 3000 በ4000 ማለት 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ 600 በ600 ግን 360 ሺህ ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ፊቱን መሃል አድርጎ ካሬ መቁረጥ፣ ከዚያ ወደ 600 በ600 ማሳነስ፣ ጥራቱ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፦ ጄፔግ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ከ100 ወደ 80 አካባቢ። አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ ፊትም ፊት ሆኖ ይቀራል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ፣ ጥራቱ ብቻ ሲወርድ ካሬዎቹ ፊት ላይ አፍጥጠው ይወጣሉ። ካልሆነም እንደገና ከዋናው ፎቶ መጀመር ነው እንጂ የተጨመቀውን መጭመቅ አይደለም። ፒኤንጂ የሚባለው ሌላው የምስል ፋይል ዓይነት ደግሞ ምንም ሳይጥል ስለሚያስቀምጥ ለአርማና ለጽሑፍ ይሁን፤ ፎቶን ያከብደዋል። የትምህርት ማስረጃም ቢሆን፣ ኤ4 ወረቀት በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 4960 በ7016 ፒክስል ይወጣል። በ150 ቢደረግ 1240 በ1754 ነው፤ ማኅተሙም ይነበባል። ለዚህ የተሻለ ስካነር ፍለጋ ኮምቦልቻ ድረስ መውረድ አያስፈልግም።

የስሙ መጨረሻ ጄፒጂ (.jpg) የሆነውን ፋይል ተቀብለው፣ ያው ፋይል ጄፒኢጂ (.jpeg) ሲባል «የማይታወቅ ዓይነት» ማለትዎን በዝምታ አልፈነዋል። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሲያዩ መደናገጥዎንም እንዲሁ።

የማናልፈው ግን አለ። እርስዎ የሚኖሩበት ድረ ገጽ መግቢያው ላይ ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች ፎቶ ተለጥፏል። ስፋቱ 6000 ፒክስል፣ ክብደቱ 6 ሜጋባይት፤ የሚታየው ግን 800 ፒክስል በሆነ ሳጥን ውስጥ። ሳጥኑ የሚያሳንሰው ለዓይን ብቻ ነው፤ ፋይሉ ሙሉውን በእኛ ፓኬጅ ይወርዳል። ያውም እየተፈራረቁ የሚመጡ አምስት ናቸው። ለእኛ ፊት 200 ኪሎባይት፣ ለእናንተ መቀስ 30 ሜጋባይት! 1200 ፒክስል አድርጋችሁ ዌብፒ በሚባለው ለድረ ገጽ በተሠራው የምስል ዓይነት ብታስቀምጡት እያንዳንዱ 200 ኪሎባይት ገደማ በሆነ ነበር፤ ዌብፒ እንደሆነ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ። ደግሞስ የእኛን ፎቶ ማሳነስ የማን ሥራ ነው? ሳይላክ ብሮውዘሩ፣ ከደረሰም በኋላ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) በቅጽበት ያሳንሰዋል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። እሷን የሚጽፍ ጠፍቶ፣ ከወረኢሉና ከኩታበር ሥራ ፍለጋ የመጣ ልጅ የምሳውን ለኢንተርኔት ቤት ይከፍላል። ነውር ነው።

ከሠላምታ ጋር
አመልካቾች፣ ደሴ

ግልባጭ፦
ለፎቶ ቤቱ፤ ጉርዱን በፍላሽ ሲሰጡን ከትልቁ ጎን አንድ 600 በ600 ቢጨምሩልን።